የጨካኙ ሚና ደረሰኝ

ሰው በአንድ ከሰዓት ስሙ ይበላሻል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ስም መስታወት ክፈፉ ላይ እንደሚጣበቅበት ስቱኮ ነው፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በመሮም አይላቀቅም እል ነበር። ምሳሌዬ ሁሉ ከሱቄ ከሆነ ታገሡኝ፤ መስታወት ቆራጭ ነኝ። ኮልፌ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን መስኮት ስቆርጥና ስገጥም ኖሬያለሁ። ኳስ የሰበረው ይመጣል። ባልና ሚስት የሰበሩት ይመጣል፤ እሱ ሲመጣ ግን «ነፋስ ነው» ተብሎ ነው። በእኛ ሰፈር ነፋስ እንዴት ያለ ግልፍተኛ እንደሆነ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። አንድም ቀን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንግዲህ፤ ወይም ነበርኩ፤ ወይም መስሎኝ ነበር። ከሦስቱ የቱ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ፣ እኔ ሞክሬ አቅቶኛል።

ነገሩ የጀመረው ዕድራችን ድራማ ለመሥራት የወሰነ ዕለት ነው። የዕድሩ አባላት በሽተኛ መጠየቅና ለቅሶ መድረስ ትተው ቅጣቱን ከፍለው መቅረት ለምደው ነበር። ሊቀመንበሩ ጋሽ ጌቱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ በምክር ያልተመለሰ ሰው በድራማ ይመለሳል ብለው ያምናሉ። ስለ ራስ ወዳድነትና ስለ ርኅራኄ የሚያስተምር ድራማ በሁለት ሳምንት ጽፈው አመጡ። የጻፉት በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ስለነበረ ልምምድ ላይ ወረቀቱን ስንገለብጥ «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» የሚል ነገር ይመጣብን ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የታመመች ድሃ እናት ወደ አንድ ሀብታም ደጅ ትመጣለች፤ ውሃና መጠለያ ትለምናለች። ሀብታሙ ያባርራታል። አንድ ምስኪን ተሸካሚ ያያትና የራሱን ጋቢ አልብሶ፣ አዝሎ ይወስዳታል። መጨረሻ ላይ ሀብታሙ ብቻውን ታሞ፣ ቀባሪ አጥቶ ይሞታል። ጋሽ ጌቱ ለክፉ ሰው ሌላ መጨረሻ አያውቁም።

እኔ ተሸካሚውን መሆን ፈልጌ ነበር። ራሴን የማውቀው እንደ ሩኅሩኅ ሰው ነው። ማስረጃ አቅርብ ብባል ለጊዜው አንድም አይመጣልኝም እንጂ ስሜቱ ነበረኝ። ጋሽ ጌቱ ሆዴን አዩ፣ ግንባሬን አዩ፣ ከዚያ በትሕትና ፊትህ ለሀብታሙ ይሄዳል አሉኝ። ተሸካሚነቱን ለመስፍን ሰጡት። መስፍን የሰፈራችን ደላላ ነው፤ ከሲታ፣ ዐይኑ ሁልጊዜ እንባ ያቀረረ የሚመስል፣ አንዲትን ቤት በአንድ ቀን ለሦስት ሰው ያከራየ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሰላማዊት ነገርኳት። ሰፌድ ይዛ ምስር እየለቀመች ነበር። ከእኔ ጠባይ በጣም የራቀ ሰው ሆኜ መጫወት ስላለብኝ ብዙ ልምምድ እንደሚያስፈልገኝ አብራራሁላት። ከምስሩ ቀና ሳትል፣

«የቱ ጋ ነው የሚከብድህ?» አለችኝ።

ለእናትየዋ የተመረጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ከእኛ አጥር ወዲያ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በልጅነታቸው ከጎጃም የመጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። የሚተዳደሩት ለሰው በርበሬ እየቀነጠሱ ነው፤ ሥራ በበዛባቸው ቀን አጥር ለአጥር ያለን ሰዎች ሁሉ ስናስነጥስ እንውላለን። ከዚያ በፊት መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም። ልምምድ ላይ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው «ውሃ» ሲሉ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ምራቃችንን እንውጥ ነበር።

ድራማው የቀረበው እሑድ ከሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ነው። ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል። እትዬ አስካለ እየተንፏቀቁ ደጄ ደረሱ፣ ውሃ ለመኑኝ። የእኔ ቃል «ሂጂ ከደጄ» የሚል ነበር። ሁለት ሳምንት የተለማመድኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ እሱኑ ረሳሁት። ጋሽ ጌቱ ከመጋረጃ ኋላ ሊያስታውሱኝ ሲያንሾካሹኩ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«እናት፣ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው፣ እሷም በተራ። ዛሬ ለእርስዎ ብሰጥ ነገ ጎረቤትዎ፣ ከነገ ወዲያ የጎረቤትዎ ጎረቤት ይመጣሉ። ርኅራኄ እኮ ቧንቧ አይደለም፣ እንዲሁ አይከፈትም።»

አዳራሹ ተናወጠ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይራገማል፤ ከሦስተኛው ረድፍ የተወረወረ ኮንጎ ጫማ ግንባሬን መታኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ቃሉ እየጣፈጠኝ ሄደና ጨመርኩበት። ካበቃ በኋላ ጋሽ ጌቱ በአድናቆት ይህን ከየት አመጣኸው ብለው ሲጠይቁኝ ከጭንቅላቴ ፈጥሬ ነው አልኳቸው። ሰላማዊት ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበርና ከየት እንዳመጣሁት ታውቃለች። ባለፈው በጋ ጀሪካን ይዛ በሬን ላንኳኳች አራስ ጎረቤታችን ያልኳት ነው፤ ቃል በቃል።

መስፍን በበኩሉ አንድም ቃል አላስታወሰም። ጋሽ ጌቱ ከመጋረጃ ኋላ የሚነግሩት ጮክ ብለው ስለነበር ሕዝቡ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማው። ግን አለቀሰ። እውነተኛ እንባ፣ ጉንጩ ላይ እየተንከባለለ። በኋላ እንዴት እንዳደረገው ብጠይቀው፣ ትራፊክ የወሰደበትን ሞተር ሳይክል እያሰበ እንደሆነ ነገረኝ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንዲት ደንበኛዬ ባዶ የመስኮት ክፈፍ ተሸክማ በፊቴ አለፈች። ወደ ሌላኛው መስታወት ቆራጭ ነው የምትሄደው፤ እሱ ጋ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ዳገት አለው። ዳቦ ቤት ያለችው ልጅ ያረረውን መርጣ ሰጠችኝ። የሰፈሩ ሕፃናት ሲያዩኝ ከእናታቸው ቀሚስ ኋላ ይደበቃሉ። መስፍን ግን በዚያው ሳምንት የዕድሩ በሽተኛ ጠያቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ። በአንዲት ቤት ከተታለሉት ሦስት ተከራዮች አንዱ መንገድ ላይ አቅፎ ሲስመው በዐይኔ አይቻለሁ።

ስሜን ለማቃናት ተነሣሁ። ከተቀመጥኩ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ በውሃው ጀመርኩ፤ የተበላሸሁት በእሱ ነዋ። ካርቶን ቀድጄ «ውሃ ለፈለገ ሁሉ» ብዬ ጻፍኩና በሬ ላይ ሰቀልኩት። ሁለት ቀን ማንም አልመጣም፤ ወጥመድ መስሏቸው። በሦስተኛው ቀን አንዱ ደፍሮ ቀዳ፣ ሌላው አየ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ጎረፈ። የውሃ ሮቶው ሲሟጠጥ ሰላማዊት ባኞ ቤት ፀጉሯን ሳሙና ቀብታ ነበር። አረፋ እንደተሸከመች በረንዳው ላይ ወጣችና ትንሽ ቆማ አየችኝ። ሩኅሩኅነቴ ለማን እንደሆነ በረጋ ድምፅ ጠየቀችኝ። ሰፈሩም አላመሰገነኝም። ውሃው ትል ቢያወጣ ነው እንጂ እሱ አይሰጥም ነበር ተባባሉ።

ቀጥሎ የጎመኑ ነው። አየር ጤና ታክሲ ፌርማታ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሙሉ ጆንያ ጎመን አጠገባቸው አቁመው ታክሲ ይጠብቃሉ። ሳልጠይቃቸው ጆንያውን ብድግ አድርጌ ከቆመው ሚኒባስ ውስጥ ወረወርኩላቸው። ሚኒባሱ ግን የእሳቸው መንገድ አልነበረም። በሩ ተዘጋ፣ ሄደ። ሴትየዋ መንገዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሌባ ብለው ጮሁ። ሰው ከበበኝ። ከመሐል አንዱ ጎልማሳ በጥሞና ሲመለከተኝ ቆየና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ይኼ ድራማው ላይ የነበረው ሰውዬ አይደል? እኔስ ያኔም ትወና አልመሰለኝም» አለ።

ሌላ ጆንያ ጎመን ገዝቼ ሰጠኋቸው። እናትየዋ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ እንዳልወስድባቸው ጆንያው ላይ ተቀመጡበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልካም ሥራ ስሠራ ሁለት ነገር ማየት ለመድኩ፤ አንደኛ የሚያጠቃኝ ሰው መኖሩን፣ ሁለተኛ የሚመሰክርልኝ ሰው መኖሩን። ሁለተኛው ከሌለ መጀመርም ተውኩ። እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ የሚያስቅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ግን ጀምሬያለሁ።

በሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡን ፈርቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። እኔ ሱቄ ውስጥ አንድ ትልቅ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ መሃሉ ድረስ በመቁረጫው አስምሬበታለሁ። ቀና ስል እትዬ አስካለ ፌስታል ይዘው ከታች ሲመጡ አየኋቸው። ከሱቄ ፊት ለፊት ሲደርሱ እጃቸውን የመብራት እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ፌስታሉ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ እንደሚቀመጥ ሰው በቀስታ ወረዱና ከቦዩ ጥግ በጎናቸው ተኙ።

ሮጥኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት የጀመርኩትን መስመር መጨረስ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እጄ ጨረሰው። ከዚያ በሩ ላይ ወጥቼ ግራና ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። እትዬ አስካለ ዐይናቸው ተከፍቷል፤ ወደ እኔ ያያሉ። በመካከላችን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

ብቻዬን ባነሳቸው ገፍቶ ጣላቸው ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ይህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ነው፤ ከጎመኑ በኋላ ማንም ሰው ሊያስበው የሚችል ነው፣ ይቅር ልትሉኝ ትችላላችሁ። ሁለተኛውን ግን ለሰላማዊት እንኳ አልነገርኩም። ሰው ሳያየኝ ባነሳቸው ምን ይጠቅመኛል አልኩ። በዚህ ቃል አይደለም ያልኩት፤ በሆዴ ውስጥ ቃል ሳይሆን አለፈ፤ እግሬ ግን ሰማው። እትዬ መጣሁ፣ አንድ ጊዜ፣ አልኳቸው፤ ደንበኛ ወረፋ ሲጠብቅ በምለው ድምፅ። ወደ ማዕዘኑ ሄድኩ። ኪዮስኩ ተዘግቷል። አስፋልቱን አየሁ። ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ምን ያህል ቆየሁ? አሥራ አምስት ደቂቃ ይሆናል፤ ሃያም ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ ማዕዘኑ ላይ ቆመና ሰባት ስምንት ሰው አወረደ።

ያኔ ሮጥኩ። ሩጫዬ ያማረ ነበር። ሽርጤን እየሮጥኩ ፈትቼ ጣልኩ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፣ እርዱኝ ብዬ ተጣራሁ። ከወረዱት ሰዎች አንዱ መስፍን ነበር። ገና ሲያያቸው እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አምላኩን ተማፀነ። እግራቸውን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ቸግሮኝ ነበር፤ የመስፍን እጅ ግን ሰማይ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጠራ፣ ቤት የሚያይ ሰው መጥቶበት ነበርና ሄደ። እኔ እትዬ አስካለን አዝዬ አስፋልት ወጣሁ። የቀሩት ሰዎች ኮንትራት ታክሲ ያዙልኝ፣ ሁለቱ አብረውኝ ገቡ፣ ቤቴል ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ በረርን። እዚያ የእኛ አቅም አይደለም አሉን፤ ወደ ሆስፒታል ላኩን።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። አንጎላቸው ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል አለችና የወደቁበትን ሰዓት በትክክል ጠየቀችኝ። ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዳችኝ፤ እንዲህ ባለ ሕመም ደቂቃም ዋጋ አላት።

«አሁን ነው» አልኳት። «እንደ ወደቁ ነው ያነሳኋቸው።»

አብረውኝ የመጡት ሁለቱ ሰዎች ዐይናችን እያየ ነው ብለው መሰከሩልኝ። ሐኪሟ ጻፈችው። ከአልጋው ላይ እትዬ አስካለ ያዩኛል፤ አፋቸው ወደ ቀኝ ተጣሟል፣ ድምፅ የለም። በሳምንቱ ከሆስፒታል ሲወጡ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አይንቀሳቀስም፣ አንደበታቸውም ታስሯል። ከመውጣታቸው በፊት ሐኪሟን ለብቻዋ አገኘሁና፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ብዬ፣ ሩብ ሰዓት መዘግየት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። አንዳንዴ ያመጣል፣ አንዳንዴ ምንም አያመጣም፣ በእሳቸው ላይ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም አለችኝ። ከሁለቱ አንዱን ብትነግረኝ ኖሮ ወይ አርፌ እተኛ ነበር፣ ወይ ገደል እገባ ነበር። ሁለቱም ቀረብኝ።

ሰፈሩ ግን በአንድ ቀን ተገለበጠ። ዳቦ ቤት ትኩሱ ተመርጦ ይጠብቀኛል። መስኮት የተሰበረበት ሁሉ፣ ነፋሱንም ጨምሮ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። ጋሽ ጌቱ ሱቄ ድረስ መጥተው ጨካኙን ሚና ስለሰጡኝ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ሰውን በፊቱ መፍረዳቸው በሽምግልናቸው የተማሩት ትምህርት መሆኑንና ለሚቀጥለው ድራማ የደጉ ሰውዬ ቦታ የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ። ዕድሩ በጠቅላላ ስብሰባ ጋቢ አለበሰኝ። ሲያጨበጭቡልኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መስሏቸው ይብስ አጨበጨቡ። ሰላማዊት ቤት ስንደርስ ጋቢውን አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከታች አስቀመጠችው። አንድ ቀን እንኳ ልበሰው ብላኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እትዬ አስካለ ዘንድ እሄድ ጀመር። ከሰዓት ሱቄን ለአንድ ሰዓት ዘግቼ፣ ሰላማዊት የሠራችውን አጥሚት በቴርሞስ ይዤ። የሰላማዊት ቸርች ሴቶች ማክሰኞ መጥተው ይዘምሩላቸዋል፤ የሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው ዓርብ ጸበል ያመጣሉ። ለዓመት በዓል ካልሆነ ብቅ የማትል የእህታቸው ልጅ ከአስኮ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ልብስ ታጥባለች። የማልቀር ግን እኔ ነኝ። ሰው እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል ይላል።

ከየት እንደሚገኝ ልንገራችሁ። የምሄደው አንደበታቸው ተፈትቶ እንደሆነ ለማየት ነበር። በሩን ከፍቼ እንደምን ዋሉ እላለሁ፣ ጆሮዬን አቁሜ። መልስ የለም። እፎይ እላለሁ። እፎይ በማለቴ አፍራለሁ። ካፈርኩ በኋላ ትራሱን ከፍ አድርጌ አጥሚቱን በማንኪያ አጠጣቸዋለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ በሆዴ ስጸልይ ራሴን ያዝኩት፤ ጸሎቱ ምን እንደሆነ ቆም ብዬ ሳደምጥ ምላሳቸው እንደታሰረ እንዲቆይ እየለመንኩ ነው። እዚያው ከመንገዱ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የጋሽ ጌቱ ሀብታም ውሃ ነው የከለከለው፤ እኔ ያልኩትን እሱ ቢሰማ ይሳቀቅ ነበር።

ሆኖም እጅ ሥራ ይለምዳል። በሽተኛ ሳያም ማገላበጥ ተማርኩ። አንሶላ ሰው እንደተኛበት መቀየር ቻልኩ። አጥሚቱ ማር ከበዛበት ፊታቸውን እንደሚያዞሩ፣ እግራቸው ቶሎ እንደሚበርዳቸው፣ መጋረጃው ገለጥ ሲል ደስ እንደሚላቸው አወቅሁ። ሰኔ አልፎ መስቀል መጣ፣ ገና መጣ። በእነዚህ ወራት ውስጥ አንዲት ቀን የመጣሁት ስለ እሳቸው ብቻ ብዬ ይሆን? እፈልጋታለሁ፣ አላገኛትም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ረቡዕ ከሰዓት ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው እየተንጣጣ እኔና እትዬ አስካለ ብቻ ነን። አጥሚቱን ስኒ ላይ እየቀዳሁ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መናገር ጀመርኩ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፤ ለስኒው ነው የነገርኩት።

«እትዬ፣ ያን ዕለት ቆሜ ነበር። ወድቀው እያየሁዎት ሰው እስኪመጣ ቆሜ ነበር።»

ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ።

«መጀመሪያ መስታወትህን ቆርጠህ ጨረስክ እንጂ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሲንሲያጠጥ ሰምቻለሁ።»

ስኒው ከእጄ ወደቀ። እትዬ አስካለ ትራሱን ተደግፈው ያዩኛል። ምላሳቸው ትንሽ ይከብዳል እንጂ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ያለ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚናገሩ ስጠይቅ ከመስቀል ወዲህ መሆኑን ነገሩኝ፤ መጀመሪያ ለብቻቸው አባታችን ሆይ ሲሉ እንደወጣላቸው፣ ከዚያም ሰው ሲገባ ዝም እንዳሉ። አራት ወር። አራት ወር ሙሉ አጥሚት ሳጠጣቸው፣ እፎይ ስል፣ ይሰሙኝ ነበር።

«ለምንድን ነው ዝም ያሉት?» አልኳቸው።

ወለሉ ላይ ወደ ወደቀው ስኒ አዩ።

«ብናገር ትመጣ ነበር?»

እመጣ ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እውነት መሆኑን ስለማላውቅ መልሼ ዘጋሁት። እሳቸውም የጠበቁት አይመስልም፤ የበርበሬ ዛላ እንደሚቀነጥስ ሰው ዐይናቸውን አንድ ቦታ ላይ አድርገው ቀጠሉ።

«አንተ ፈርተህ ትመጣለህ። የእህቴ ልጅ አፍራ ትመጣለች። ሴቶቹ አዝነው ይመጣሉ። እኔ ምክንያቱን ምን አደርግበታለሁ ልጄ፤ ሰው መጣልኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህች ክፍል ብቻዬን ስቀመጥ አፌ ደህና ነበር፤ ማን መጣ?»

እኔ አጥር ለአጥር ነኝ። በርበሬያቸው ሲያስነጥሰኝ መስኮቴን ስዘጋ ነው የኖርኩት። የወደቀውን ስኒ አነሳሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ፣ ሌላ ስኒ አጥቤ ቀዳሁ። ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ። ቃል ገባሁላቸው፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ የእኔም ምስጢር አብሮ ተቆለፈ ማለት ነውና ደረቴ ቀለለው። አዘንኩላቸውም፣ ወይም ለራሴ አዘንኩ። ዝናቡ ሲበረታ ሁለቱ ተደባለቁብኝ።

አጥሚቱን ጨርሰው አፋቸውን ስጠርግላቸው በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ጌቱና የበሽተኛ ጠያቂ ኮሚቴው ናቸው፤ መስፍን ከፊት ነው፣ እንባው ገና ከደጅ ጀምሮ ቀርቧል። ወደ እትዬ አስካለ ዞር አልኩ። እሳቸውም አዩኝ። ከዚያ አፋቸው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደና ቦታውን ያዘ፣ ዐይናቸው ጣራው ላይ ቆመ።

ጋሽ ጌቱ እንዴት ዋሉ ብለው ጠየቋቸው። ዛሬም እንደዚያው ናቸው ብዬ እኔ መለስኩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአልጋው ግርጌ ቆሙ፤ አምላክ የዚህችን ምስኪን አንደበት በቸርነቱ ይፍታልን ብለው ጸለዩ።

አሜን አልኩ። ከሁሉም ቀድሜ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።